ከፊልሙ የወጡት ዘጠኝ ቁራጮች

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባባ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያስቸግርዎታል ወይስ እትዬ የገዛችልዎ ቅባት ረዳዎት? ሳልዎስ ለቀቀዎት? ስለ ዓይንዎ ሐኪሙ ምን አለ? እንዳለፈው ጊዜ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለው እንዳያልፉኝ፤ እትዬ አንድ ሳታስቀር ስለምትነግረኝ መደበቁ አይጠቅምዎትም። የእትዬ ባል ሾፌሩስ ከመንገድ በሰላም ገባ? ጓሮ የተከሉት ሎሚስ ያዘልዎት?

እኔ እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ያህል እንዳይመስልዎት። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እህል ይበላልኛል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ደንበኞቼም ምን ነክቷት ነው እንዲህ የምትስቀው እያሉ ይጠይቁኛል። አባባ፣ ቂሜን ተወጣሁ። የእርስዎን ቂም ማለቴ ነው፤ እርስዎ ቂም የሚባል ነገር ስለማያውቁበት እኔ ይዤልዎት ቆይቼ ነበር።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ኮሌጅ የገባችው የልጅ ልጅዎ መሆኗን አውቃለሁ። አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ፤ ረጋ ብለሽ አንብቢ፣ የረዘመብሽንም እየዘለልሽ እንዳታልፊ። አባባ፣ እርስዎ ከእኔ በላይ የሚያውቁትን ነገር ከሥሩ አንሥቼ የምጽፈው ለእሷ ብዬ ነው። አያቷ ቴሌቪዥን ሲከፈት ወንበራቸውን አዙረው የሚቀመጡት ለምን እንደሆነ ብትጠይቅ «የዓይን ነገር ነው» እንደተባለች እትዬ ነግራኛለች። የዓይን ነገር አይደለም፤ ዛሬ ትስማው።

እርስዎ በዚህ ከተማ ሲኒማ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የፊልም ማሽኑ ኦፕሬተር ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ከጀርባው «አሳጥር» የሚለው ሰው ነበር። ሰላምታ ሲሰጡት እንኳ አሳጥሩ የሚል ይመስል ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ የሚታየው ፊልም አራት ጊዜ እንዲታይለት ይፈልጋል፤ ፊልሞቹ ግን ረጃጅም ናቸው። ስለዚህ አዲስ ፊልም ሲመጣ አስቀድሞ ብቻውን ገብቶ ያያል። አራተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ክንድ ሥር ወደ ማሽን ክፍሉ የምትደውል የደወል መጫኛ ነበረችው። አንድ አጭር ደወል ምስሉ ደብዝዟል ማለት ነው፤ ሁለት አጭር ድምፁ አንሷል ማለት ነው። ይህን ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ረጅሙን ደወል ግን የምታውቁት እርስዎና እሱ ብቻ ነበራችሁ። «እዚህ ቦታ ምንም የለም፣ ቁረጠው» ማለት ነበር። እርስዎ በሚጠቀለለው ፊልም መሀል ብጫቂ ወረቀት ሸጎጥ ያደርጋሉ፤ በማግስቱ ጠዋት ቦታውን በምላጭ ቆርጠው ጫፍና ጫፉን ይቀጥላሉ።

የቆረጡትን ግን አልጣሉትም። ፊልሙ የሰው ነው፣ ለአከራዩ ከመመለሱ በፊት ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ ብለው እያንዳንዱን ቁራጭ ጠቅልለው በብስኩት ጣሳ አስቀመጡ። በየጣሳው ላይ በዚያች ደቃቃ ጽሕፈትዎ ከስንተኛው ጥቅል፣ ከየትኛው ትዕይንት ላይ እንደወጣ ጻፉ። ታዲያ አንድ ቀን አከራዩ ሽማግሌ ሳይታሰብ መጡና ፊልማቸውን በሜትር ለኩት፤ ጎደለ። አሳጥር ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ኦፕሬተሩ እየቆረጠ ይሰርቃል አለ። ቤታችን ተፈተሸ፣ ጣሳዎቹ ከአልጋ ሥር ወጡ። እርስዎ ታዝዤ ነው አሉ። እሱ «እኔ? መቼ? በየትኛው ወረቀት?» አለ። ትኬት ቆራጩ ስለ ደወሉ ተጠየቀና ለምስልና ለድምፅ ነው ብሎ መሰከረ። የሚያውቀውን ነበር የተናገረው፣ ለእኛ ግን ያው ነበር።

ተመልካቹ በር ላይ ተሰልፎ እያየ ቁልፍዎን ተቀብለው አስወጡዎት። እኔ ምሳዎን ይዤ እዚያው ሰልፉ አጠገብ ቆሜ ነበር። እማማ ከዚያ ወዲያ የሌባ ሚስት ተባለች። ውሃ ስትቀዳ ከመጨረሻ፣ ልቅሶ ቤት ስትቀመጥ ከበር ሥር ሆነች፤ በሦስተኛው ዓመት አረፈች። ሐኪሞቹ ሳንባዋ ነው ብለዋል። እርስዎም ቤቱን ትተው ወደ እትዬ ሄዱ። እኔ የልብስ ስፌት መኪና መጠገኛዬን ከፍቼ፣ ጥርሴን ነክሼ እዚሁ ቀረሁ። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

እንግዲህ ወደ አዲሱ ወሬ ልምጣ። ሲኒማ ቤቱ የጣውላ መጋዘን ሆኖ ከርሞ፣ አምና ጥቂት ወጣቶች ማኅበር አቋቁመው ከፈቱት። ምን ሊያሳዩበት መሰለዎት? የድሮ ፊልም! ሱቄ መጥተው ያንን አሮጌ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው ጠፋ፣ አዳራሹን የጠገነልን አናጢ ወደ አንቺ ላከን ሲሉኝ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። እነዚህ ስልካቸው ላይ ሲኒማ የሚያዩ ልጆች ድምፁ የሚንኮሻኮሽ፣ ምስሉ ዝናብ የሚዘንብበት የጥቁርና ነጭ ፊልም ምን ያደርግላቸዋል? ግን እሺ አልኳቸው። እጄ እርስዎ ያስተማሩኝን አንድም አልረሳም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ወንበር ያጣው ደረጃ ላይ ይቀመጣል።

ነገሩ ቢገርመኝ አንዷን ተመልካች ለምን እንደምትመጣ ጠየቅኋት። አዲሱ ፊልም ያባርረኛል፣ የድሮው ይጠብቀኛል አለችኝ። አነጋገሯ ደስ አለኝ። እውነቷን ነው፤ በድሮው ፊልም አንድ ሰው በር ሲያንኳኳ በሩ እስኪከፈትለት አብረነው እንቆማለን። ፊቱን እናየዋለን፣ ኮቱን ሲያስተካክል እናየዋለን፣ ምን ብሎ እንደሚገባ እናስብለታለን። በአዲሱ በሩ ገና ሳይንኳኳ ሰውየው አልጋ ላይ ነው። አሳጥር ያለ ጊዜው ተወልዶ ነው እንጂ ዛሬ ቢሆን ትልቅ ዳይሬክተር ይሆን ነበር።

እኔ ግን ሌላ ምክንያት አለኝ። የድሮ ፊልም በቀል ያውቃል። በአዲሱ ፊልም ሰውየው ወንድሙ ይገደልበታል፣ መሣሪያውን ያነሣል፣ እኔ ወንበሬ ላይ ሳልደላደል አርባ ሰው ይረፈርፋል። ሟቾቹ ስም የላቸው፣ ፊት የላቸው። መኪና ይገለበጣል፣ ፎቅ ይነዳል፤ በቀል ሳይሆን የመንገድ አደጋ ያየሁ ይመስለኛል። ሰው እንዲህ ቂሙን በአንድ ጊዜ ከጨረሰ ምን ይቀረዋል? ያንን የልብስ ሰፊዋን ፊልም ያስታውሱታል አይደል? የእርስዎን ጣጣ ያመጣው እሱ ነውና እንዴት ይረሱታል! ባሏ በሐሰት ምስክር እስር ቤት ገብቶ ሞተባት። ከዓመታት በኋላ ያ የሐሰት ምስክር፣ ማን መሆኗን ሳያውቅ፣ ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ ሱቋ ይመጣል። ሴትዮዋ መቀስ አላነሣችም። ሜትሯን አወጣችና ትከሻውን ለካች፣ ክንዱን ለካች፣ ከዚያ አንገቱን ለካች። አራት ደቂቃ ሙሉ ቃል ሳትናገር፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳዞረች ዓይኑን ታየዋለች። እሱም ቀስ በቀስ ያውቃታል። ቁጥሩን ትጽፍና በሳምንቱ ና ትለዋለች። በቃ፣ ሌላ የለም። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ዕድሜ ልኩን ኮሌታ መቆለፍ አልቻለም።

አሳጥር ካስቆረጣቸው ዘጠኝ ቦታዎች ዋናው ያ ነው። ያ ሲወጣ ፊልሙ በመጨረሻው ጥቅል ላይ አንድ ሰው በባዶ ሜዳ ከተማ ለቆ የሚሸሽበት፣ ሜትር የሚፈራ ቂል የሚታይበት ጨዋታ ሆነ። ተመልካቹ ስቆ እንደወጣ አስታውሳለሁ።

ዘንድሮ ማኅበሩ ለድሮ ፊልሞች ባለውለታ የምስክር ወረቀት ሊሰጥ ተነሣ። ለማን ይመስልዎታል? ለአሳጥር! ሰውየው ጡረታ ወጥቶ፣ ፀጉሩ ነጥቶ፣ በየሬዲዮው እየቀረበ «በእኔ ዘመን አንዲት ፊልም ጭረት አልነካትም» ይል ጀመር። ልጆቹም አመኑት፣ ምን ያድርጉ፣ ያኔ ሕፃናት ነበሩ። በዝግጅቱ ስብሰባ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳየው ቆሽቴ አረረ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አላወቀኝም። ሰብሳቢዋ ንግግሯ ረዘም ሲል ግን አንድ ነገር አየሁ፤ የቀኝ አውራ ጣቱ የወንበሩን ክንድ ከሥር እየተጫነ ነበር። ተናጋሪ ሲረዝም ይጫናል፣ ሲያጥር ይተዋል። እሱ ራሱ አያውቀውም። ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ ሳቅ መጣብኝና እንዳይሰማ አፌን በመሀረብ ያዝኩ።

በማግስቱ ወደ አከራዩ ሽማግሌ ሄድኩ። እርጅና ተጭኗቸዋል፣ ግን መጋዘናቸው እንዳለ ነው፤ የልብስ ሰፊዋ ፊልምም፣ የእርስዎ ጣሳዎችም። የሌባ ዕቃ ብለው እንዳሸጓቸው ኖረዋል፣ አንድ ቀን ከፍተው አላዩዋቸውም። ከፈትናቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው እርስዎ በክዳኖቹ ላይ የጻፉትን አንድ በአንድ አነበቡና ቀና ብለው፣ ሌባ የሰረቀው ዕቃ የት እንደሚመለስ ይጽፍበታል እንዴ ብለው ጠየቁኝ። አባባ፣ ይህንን ጥያቄ ያኔ ቢጠይቁት ምን ነበረበት! እርር ድብን አልኩ፤ ግን ዋጥ አድርጌ፣ የምስክር ወረቀቱ በሚሰጥበት ቅዳሜ ከትኬት ቆራጩ ጋር ማሽን ክፍል እንዲገኙልኝ ለመንኳቸው።

ሦስት ሳምንት ሱቄን በዘጠኝ ሰዓት እየዘጋሁ ዘጠኙን ቁራጭ ወደየቦታቸው ቀጠልኳቸው። ጽሕፈትዎ አንድም ቦታ አላሳተኝም። የደወሉ መጫኛም እዚያው ወንበር ሥር ነበረች፣ ዝገት በልቷት። ሽቦዋን ለወጥኩ፣ ከስፌት መኪና ያወጣሁትን ስፕሪንግ ከተትኩላትና እንደ አዲስ ሆነች። ለማኅበሩ ልጆች ደግሞ ክቡር እንግዳችሁን በቀድሞ ወንበራቸው ብታስቀምጧቸው ደስ ይላቸዋል አልኳቸው። ተደስቶ ተቀመጠ፤ ክንዱን ዳበስ ዳበስ ሲያደርግ በማሽን ክፍሉ መስኮት አየሁት።

ለሽማግሌው የዘጠኙን ቦታዎች ዝርዝር ከጣሳዎቹ ገልብጬ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ሌላ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ማሽኑን አስነሣሁ። እርስዎ እንደሚያውቁት የቀረው ፊልም ሺህ ጊዜ ታይቶ ስለተጫጫረ ዝናብ ይዘንብበታል፤ የእርስዎ ቁራጮች ግን ጣሳ ውስጥ ስለኖሩ ልክ እንደተወለዱ ናቸው። የመጀመሪያው መጣ፤ ሴትዮዋ መስኮት ሥር ሆና መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ዝናቡ ቀጥ አለ። ጥቂት ቆየና ደወሉ ጮኸ፤ ረጅም ደወል። ሽማግሌው ደነገጡና ይህ ምንድን ነው አሉ። ዝርዝሩን በጣቴ አሳየኋቸው። ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ ደወለ። ሦስተኛውን በሳል አመለጠው። አራተኛውን ደወለ፣ አምስተኛውን ደወለ። ከዘጠኙ ሰባቱን ደወለ፤ ከእነሱ ውጭ አንድም ቦታ አልደወለም። አንገቱን የምትለካበት ጋ ሲደርስማ ጣቱን ጨርሶ አላነሣም፣ አራት ደቂቃ ሙሉ ጆሯችንን አደነቆረው። ትኬት ቆራጩ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የመሰከርኩበት ደወል ይሄ ነው ወይ እያለ ያለቅስ ነበር። ሽማግሌው ዝርዝሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ደግፊኝ፣ ልውረድ አሉኝ።

ፊልሙ አልቆ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። አሳጥር ወረቀቱን ሊቀበል መድረክ ላይ ወጥቷል። ሽማግሌው ድምፅ ማጉያውን ከሰብሳቢዋ ተቀበሉና ከጣሳው ጀምረው እስከ ደወሉ አንድ በአንድ ተናገሩ። የእርስዎንም ስም ከነአባትዎ ጠሩ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣ ጣትህን እስቲ ለሕዝቡ አሳየው አሉት። አሳጥር ጣቱን እንደ ሌላ ሰው ጣት አየው። ፈጥኖም ኪሱ ከተተው። እክዳለሁ ብሎ ቢቆም እኮ ምናልባት የሚያምነው አያጣም ነበር። እሱ ግን ላብ አጥምቆት ምን አለ መሰለዎት? «እዚያ ቦታ እኮ ምንም የለም! ሴትዮዋ ዝም ብላ ትለካለች!» አለ። ያ ሁሉ ሰው በዚያች አራት ደቂቃ ትንፋሹን ይዞ ያየ ነው። ወዲያው የተነሣውን ጩኸት ልጽፍልዎት አልችልም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በምስክር ወረቀቱ ላይ የእሱ ስም ተሠርዞ የእርስዎ ተጽፏል፤ ሥርዙ ደስ ስለሚለኝ አዲስ እናትምልሽ ሲሉኝ እምቢ ብያለሁ። ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ።

በነጋታው ሱቄ መጣ። አሁን አውቆኛል። ይቅርታ መጠየቅ እፈልጋለሁ፣ አድራሻቸውን ስጪኝ አለኝ። ጽፈህ አምጣ፣ አንብቤ እልከዋለሁ አልኩት። ግማሽ ገጽ አመጣ፤ «ስለተፈጠረው አለመግባባት» ይላል። አለመግባባት አልነበረም፣ በደወል እንኳ ተግባብታችሁ ነበር ብዬ መለስኩለት። ሁለት ገጽ አመጣ። ደወሉ አለ፣ ሰልፈኛው ፊት የተባረሩበት ግን የለም፤ መለስኩለት። በሦስተኛው አምስት ገጽ ሆነ። ሁሉም አለ፤ ጣሳው፣ ፍተሻው፣ ቁልፉ፣ በሩ። አገላብጬ አየሁትና እናቴስ አልኩት። እሳቸው እኮ በዚህ ነገር ውስጥ የሉበትም አለኝ። ወረቀቱን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ይኸው አንድ ሳምንት ሆነው፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣ የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። እየሠረዘ እንደገና ይጀምራል። አንድ ቀን ላዝንለት ቃጣኝና ወዲያው ተውኩት። ስለ እማማ የማያውቀውን ይጠይቀኛል፤ ውሃ የት ትቀዳ እንደነበር፣ ማን ሰላምታ እንደነሳት፣ መጨረሻዋ ላይ ምን ትል እንደነበር። እነግረዋለሁ። ሳላሳጥር ነው የምነግረው። ይጽፋል፣ ያነብልኛል፣ የቀረውን አስታውሰዋለሁ።

አባባ፣ ልብዎን አውቀዋለሁ። እዚህ ሲደርሱ «በቃ፣ ይማረው፣ ተይው ልጄ» ብለው ይሆናል። የእርስዎን ይቅርታ አልከለክልም፤ ከፈለጉ ዛሬውኑ ይስጡት፣ አደርስለታለሁ። የእማማን ግን እርስዎም እኔም ልንሰጠው አንችልም። እሷም የለችም። ስለዚህ ይጽፋል።

ለእትዬ እጅግ ብዙ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፣ ቅባቱን እንዳታቋርጥብዎት። ሾፌሩን እባክህ በዝግታ ንዳ ይበሉልኝ። ለልጅ ልጅዎ ጉንጯን በእኔ ፈንታ ይሳሙልኝ፤ እስከዚህ ሳትዘል ካነበበች። ለጎረቤቶችዎም ሁሉ፣ የምስክር ወረቀቱን ካሳዩአቸው በኋላ፣ ሰላምታ ያቅርቡልኝ።

ልጅዎ
ከስፌት መኪና መጠገኛዬ፣ እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እየጻፈ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 14 ቀን